ያልተደፋ ውኃ

ሄራን የእናቷን የሳምንት መድኃኒት በኪኒን ሳጥኑ ሰባት ትናንሽ ቤቶች እያከፋፈለች ነበር። ነጩ ለጠዋት፣ ግማሹ ቢጫ ለምሳ፣ ክቡ ለማታ። ሰኞን ጨርሳ ማክሰኞ ላይ ስትደርስ እናቷ አረጋሽ ከጀርባዋ መጥታ ቆመች።

«የማታውን ተይው።»

«ለምን?»

«አያስፈልገኝም። ሌላ ይዣለሁ።»

ከቅመማ ቅመሙ ዕቃ ኋላ ቡናማ ጠርሙስ አወጣች። ጠብታ መስጫ አለው፣ ስም የለውም። ክዳኑ ላይ በጥቁር ማርከር 14 ተጽፎበታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከሚበላ የባሕር አረም የወጣ ነው። ኔቸራል። አንቲኦክሲዳንት አለው።» ቃሉን እንደ ነቢይ ስም አስረዝማ ጠራችው።

«ማን ሰጠሽ?»

«የሰጠኝ ሰው ጸልዮበታል። ስሙን ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።»

«ዶክተርሽ ያውቃል?»

«ዶክተሬ ይጾምልኛል እንዴ?»

ሄራን ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ጣቢያው ነው። መርማሪ ከሆነች አራት ዓመቷ ነው፤ ከቁርስ በፊት የሚደወል ስልክ ምን እንደሚይዝ ታውቃለች። እያዳመጠች ክቡን ኪኒን ማክሰኞ ማታ ውስጥ ጣለችና ክዳኑን ዘጋችው።

የተጠራችበት ላቦራቶሪ ከአትላንታ ጥግ፣ ብሩክሄቨን ውስጥ፣ ከቢውፈርድ ሃይዌይ ገባ ብሎ፣ በአንድ ጎማ ቤትና በተዘጋ ልብስ ማጠቢያ መካከል ነው። ውስጡ ጨው ጨው ይሸታል። የደረቀ አረም በጆንያ ሆኖ በግድግዳው ልክ ተደርድሯል። ሟቹ ሕሩይ በውስጠኛዋ ቀዝቃዛ ክፍል ወለል ላይ ተኝቷል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ኬሚስት ነው፤ በእናቷ ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ዝምተኛ ሰው።

ሌተናንት ዶውሰን ጓንቱን አውልቆ ነበር።

«ናይትሮጅን ነው» አላት። «የሠሩት ነገር በአየር እንዳይበላሽ ጠርሙሱ ውስጥ የሚነፉት ጋዝ። ክፍሉን ሞላው፣ ኦክስጅን አለቀ። አይሸትም፣ አያስልም። ጥቂት ትንፋሽ፣ በቃ። የኦክስጅን ማንቂያው ደግሞ ከሶኬቱ ተነቅሏል። የሥራ ላይ አደጋ። ከምሳ በፊት እንዘጋዋለን።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«ቅዳሜ ቀን። ያገኘው ዛሬ ጠዋት የገባው ቴክኒሺያን ነው።»

ሄራን ተንበረከከች። አየር አጥሮት የወደቀ ሰው አይታ ታውቃለች። ጉልበቱ ይታጠፋል፣ አንዱ ክንዱ ከሥሩ ይቀራል፣ ጉንጩ ወለሉን ይመታል። ሕሩይ ግን በጀርባው ቀጥ ብሏል። እግሮቹ ገጥመዋል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። እጆቹ ሆዱ ላይ ተቀምጠው ሁለቱ አውራ ጣቶች ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ማነው እንዲህ ያስተኛው?»

«ማንም። ቴክኒሺያኑ አልነካሁትም ብሏል።»

የጋዙ ሲሊንደር ከክፍሉ ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ቱቦው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። መክፈቻውን በጓንቷ ሞከረችው። ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል።

«ጋዝ ለቆ የሞተ ሰው ተነሥቶ ሲሊንደር አይዘጋም፣ ሌተናንት።»

«ልጁ ደንግጦ ዘግቶት ይሆናል። የደነገጠ ሰው ያደረገውን አያስታውስም።»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር አየች፤ የብልቃጥ አፍ የሚዘጉበት፣ ሲጎትቱት የሚለጠጥ፣ ሰም የመሰለ ስስ ፕላስቲክ። ተለጥጦ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ሁለት ቀለበት ጎን ለጎን ሠርቷል። አንዱ ቀለበት በመቀስ ተቆርጧል። ሌላ ቦታ የወደቀው ቁራጭ ሁሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ይህ ብቻ የሆነ ነገር ዙሪያ ታስሮ ነበር።

«ቆሻሻ ነው» አለ ዶውሰን።

በከረጢት አሽጋ ቁጥር ሰጠችው።

የሕሩይ የሥራ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሚዛን፣ ሙቀት፣ ደቂቃ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው አንድ መስመር ግን በአማርኛ ነው። ዶውሰን ገጹን ገልጦ አልፎታል፤ ሊያነበው አይችልም።

«ዐሥራ አራት ይቁም። ሰው እየጠጣው ነው።»

ሄራን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ደወለች።

«እማዬ፣ ጠርሙሱን አስቀምጪው። አትንኪው።»

«አሁን ጠጣሁ እኮ።»

«ማን ነው የሰጠሽ? ሌላስ ማን ጋር አለ?»

«ነገርኩሽ። ቃል ገብቻለሁ።»

«ሰው ሞቷል!»

«በጠብታው?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ ካላወቅሽ» አለች እናቷ፣ «አትጩኺብኝ» ብላ ዘጋችው። ማታ ሄራን ጠርሙሱን ልትወስድ ስትመጣ፣ ደፍቼው ጠርሙሱን ጣልኩት አለቻት።

ቴክኒሺያኑ ሀብቶም ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ያመላልሳል።

«ጠበቃ፣ ማለቴ ሎየር፣ ያስፈልገኛል?»

«ከዋሸኸኝ ያስፈልግሃል። ሥራችሁን አስረዳኝ።»

«ላይክ፣ ሲምፕል ነው። አረሙን እንፈጫለን። በውኃና በአልኮል እንዘፈዝፈዋለን፣ እናጠልለዋለን፣ ከዚያ ፈሳሹን እናተነዋለን። አንቲኦክሲዳንቱ የሚቀረው ቡናማ ነገር ውስጥ ነው። ዘይት ውስጥ ጠብ ካደረግሽው ዘይቱ ቶሎ አይበላሽም። ለምግብ ፋብሪካዎች ነው የምንሠራው። ሰው እንዲጠጣው አይደለም።»

«ጥሩ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?»

«ሐምራዊ ፈሳሽ አለ። ጠብ ስታደርጊበት ቢጫ ይሆናል። ቶሎ ከሆነ ኃይለኛ ነው። ዐሥራ አራት፣ አይ ስዌር፣ ጠብ ከማለቱ ነው ቢጫ የሆነው። በዚህ ዓመት ከሠራነው ዙር ሁሉ ምርጡ ባች እሱ ነበር።»

«ታዲያ ሕሩይ ለምን ይቁም አለ?»

«የሁልጊዜው አረም አይደለማ። ጥቁር ነው፣ እንደ ሻይ ቅጠል የተጠቀለለ። ኤልቃና ነው በርካሽ ያመጣው።» ኤልቃና የድርጅቱ ባለቤት ነው። «ሕሩይ ደስ አላለውም። ሳምፕል ለሌላ ላቦራቶሪ ላከ። ውጤቱ ሳይመጣ ድፉት አለ። ኤልቃና ደግሞ እኔ አስወግደዋለሁ ብሎ ሙሉውን በመኪናው ጭኖ ወሰደው። ሁለት ሳምፕል ብቻ ቀዝቃዛው ክፍል ቀረ።»

«ሲሊንደሩን አንተ ነህ የዘጋኸው?»

«አልነካሁትም። ተዘግቶ ነው ያገኘሁት።»

«ማንቂያውን ማን ነቀለው?»

ዚፑ ቆመ።

«እኔ» አለ ቀስ ብሎ። «የመጠባበቂያ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቢፕ ቢፕ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ። ሕሩይ ሦስት ጊዜ ሰካው፣ ሦስት ጊዜ ነቀልኩት። ዐርብ ዕለት በእሱ ተጨቃጭቀናል።»

ሄራን ብዕሯን አስቀመጠች። ባታስቀምጠው ኖሮ ትሰብረው ነበር።

«ባትሪው ስንት ደቂቃ ይፈጃል ለመቀየር?»

ዚፑን እንደገና መጎተት ጀመረ።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ቸርች። ጾም ጸሎት። ሦስተኛው ቀን።»

ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ የምንጣፍ መደብር የነበረ አዳራሽ ነው። ሄራን እዚህ ዘምራለች፣ እዚህ ተኝታለች፣ እዚህ ከእናቷ ተቆንጥጣለች። የጸሎት ክፍሉ ኃላፊ ፀሐይነሽ በር ላይ አቀፈቻት። ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራች ነርስ ናት። ከሥራ ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባለች፤ ዓይኖቿ በልቅሶ አብጠዋል።

«ሄሩዬ! ሕሩይን አጣነው አይደል?»

«አጣነው፣ እትዬ። ቅዳሜ ማን እዚህ እንደነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ፀሐይነሽ መድረኩ ሥር ያለውን ትልቅ ቅርጫት አሳየቻት። ጾም ጸሎት ሲሆን ስልክ ሁሉ ጠዋት በር ላይ ይሰበሰባል፣ ስም በወረቀት ይታሰርበታል፣ ማታ ይመለሳል። ወረቀቶቹን በፖስታ አስቀምጣቸው ነበር። አንድ በአንድ ገለጠቻቸው።

«ሀብቶም የለም» አለች በመጨረሻ። «አልመጣም ማለት ነው። ውይ! ልጅ ነው፣ አትጨክኝበት እንጂ።»

«እርስዎስ?»

«የኔማ ከሁሉ በታች ነበር። መጀመሪያ የምገባው እኔ አይደለሁ? ከፈለግሽ ቁጥሬን ውሰጂና መሣሪያችሁ ይየው።»

ዶውሰን የሁሉም ስልክ የት እንደነበረ አየ። የፀሐይነሽ ስልክ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ከአዳራሹ አንድ እርምጃ አልተነቃነቀም። የሀብቶም ስልክ ግን ከከተማው ወጣ ያለችው ኬኔሶ ነበር።

«በይ» አለ ዶውሰን፣ «አደጋ አይደለም ካልሽ ሰውሽን አገኘሽ። ተጣልቷል፣ ማንቂያውን ነቅሏል፣ ዋሽቷል።»

ሀብቶምን እንደገና አስቀመጠችው።

«ኬኔሶ ምን ትሠራ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«ዊንግስ እየበላሁ።»

«ምን?»

«የዶሮ ክንፍ፤ ሌመን ፔፐር ዊንግስ። ከአክስቴ ልጅ ጋር። በሦስተኛው ቀን፣ ሜን፣ ራሴን አዞረኝ። ካሜራ አላቸው፣ ቼክ አድርጊ። ግን ለማዘር እንዳትነግሪ። ፕሊስ! ሰው ገደለ ብትያት ይሻላል።»

ካሜራውን አየች። ከረፋዱ እስከ ከሰዓት፣ ሁለት ሰሃን፣ ከዚያ ደግሞ ሦስተኛ። ሕሩይ ሲሞት ሀብቶም ጣቱን እየላሰ ነበር። ሄራን ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሕሩይ ሳምፕሉን የላከበት ላቦራቶሪ ደወለላት። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት ውጤቱን አነበበችላት።

«አርሴኒክ» አለች ሄራን። «የአይጥ መርዝ ማለት ነው?»

«ያው ነው። ያንን ጥቁር አረም የሚበሉ ሰዎች አሉ። ግን መጀመሪያ ይዘፈዝፉታል፣ ውኃውን ይደፉታል። ከመርዙ ብዙው በውኃው ይወጣል። ሁሉንም አይወስደውም፤ ስለዚህ አንዳንድ አገር ጨርሶ አትብሉት ይላል። ለመሆኑ እናንተ ምን አድርጋችሁት ነው ይህን ያህል የበዛው?»

ሄራን የሀብቶምን ቃል አስታወሰች። እንዘፈዝፈዋለን። እናጠልለዋለን። እናተነዋለን።

«ውኃውን ይዘው» አለች፣ «አረሙን ነው የደፉት።»

«ሐምራዊው ፈተና ይህን አያሳይም» አለች ሴትየዋ። «እሱ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። መልካሙም መርዙም አንድ ውኃ ውስጥ ነው ያሉት። ለአቶ ሕሩይና ለድርጅቱ ባለቤት ከሦስት ሳምንት በፊት በኢሜይል ልከንላቸዋል።»

ለድርጅቱ ባለቤት፤ ለኤልቃና። ሄራን መኪናዋን ሳንዲ ስፕሪንግስ እስካለው ቢሮው ድረስ እንዴት እንደነዳች አታስታውስም።

የኤልቃና ቢሮ መስታወት ነው። እሱም አትላንታ ያደገ፣ ቢዝነስ የተማረ፣ ከእሷ በሁለት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። በልጅነታቸው በአንድ የሰንበት ክፍል ተምረዋል።

«ሄራንዬ፣ አይ ኖው፣ በጣም ያሳዝናል» አለ። «ቅዳሜ ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲው ጋ ፕረዘንት እያደረግኩ ነበር። ሙሉው ሬኮርድ ተደርጓል። ላይቭ ነው።»

«አይቼዋለሁ። የዐሥራ አራትን ውጤት ነው ያሳየኸው። ሐምራዊው ቢጫ ሲሆን ሰው አጨበጨበ።»

«ሪዞልቱ እውነት ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ይሄስ? ከሦስት ሳምንት በፊት ደርሶሃል።»

አላነሣውም። ሸሚዙን አስተካከለ።

«አልሸጥኩትም። አንድ ጠርሙስ አልሸጥኩም።»

«የት ነው ያለው?»

«ለኬሚካል ማስወገጃ ስንት እንደሚያስከፍሉ ታውቂያለሽ? ምግብ እኮ ነው፣ ሰው ይበላዋል። አንድ ሰው ለሕመምተኛ ይሆናል አለኝ። ሰጠሁ። ወረቀቱ የመጣው ከሰጠሁ በኋላ ነው።»

«ወረቀቱ ሲመጣ ስልክ አነሣህ? ‹አትጠጡ› አልክ?»

ወረቀቱን በአንድ ጣቱ ወደ እሷ ገፋው።

«ለማን ነው የሰጠኸው?»

«ሎየሬን ላናግር።»

«ኤልቃና!» መስታወቱ ማዶ ያሉት ሠራተኞች ዞር አሉ። «እናቴ እየጠጣችው ነበር። የሰንበት ክፍል ዳቦ ያበላችህ ሴትዮ። ስም ንገረኝ።»

«ሎየሬን» አለ እንደገና፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ።

ቅዳሜ ኬኔሶ መድረክ ላይ ነበር፤ ሦስት መቶ ሰው አይቶታል። ሕሩይን አልገደለውም። ሄራን ሊፍቱ ውስጥ ሆና ይህ ማጽናኛ እንዳልሆነ አወቀች። የገደለው ሌላ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም ሳይነካ እጁን ብቻ ሰብስቦ ተቀምጧል።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወጥ ቤት ቆማ ነበር። እጇን ቶሎ ወደ ሹራቧ ኪስ ከተተች።

«አውጪው።»

«ምኑን?»

«እማዬ። አውጪው!»

ጠርሙሱ ወጣ። ከግማሽ በታች ሆኗል። ሰኞ ሁለት ጣት እንኳ አልጎደለም ነበር።

«ጣልኩት ብለሽኛል! አርሴኒክ ነው ያለበት፣ ገባሽ? መርዝ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔ እያየ ዋሸሽኝ!»

«እኔን አትቆጪኝ! አንቺ ያላመንሽበት ሁሉ መርዝ ነው። ባለፈው ሳምንት የቀበርነው ጋሽ አምባቸው እስከ መጨረሻዋ ቀን ጠጥቶታል። እንዴት በሰላም እንደሄደ አላየሽም? ፊቱ እንደ ሙሽራ ነበር። ፀሐይነሽ ገንዛው ስትጨርስ የተኛ ነው የሚመስለው።»

«ፀሐይነሽ ምን አድርጋው?»

«ገንዛው። አታውቁም እናንተማ። ዓይን ይከደናል፣ እግር ይገጠማል፣ ሁለቱ አውራ ጣት አንድ ላይ ይታሰራል፣ እጁ እንዳይበታተን። ፓስተሩ ‹ይሄ የአሮጌው ሰው ልማድ ነው› ይላታል፤ እሷ ግን ከአያቷ የተማረችውን አትተውም። ከእኛ ቸርች ከእሷ ሌላ የሚያደርገው የለም። የሆስፒታሉን ፕላስተር ቀድዳ ነው የምታስረው።»

ሄራን በከረጢት ያሸገችውን ፕላስቲክ አስታወሰች። ሁለት ቀለበት፣ ጎን ለጎን። አንዱ በመቀስ የተቆረጠ። ሬሳው ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ጣቶች ፊቷ መጡ።

«ጠብታውንም የሰጠችሽ እሷ ናት።»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መልሱ እሱ ነበር።

«ልብስሽን ደርቢ» አለች ሄራን ጠርሙሱን በከረጢት እያሸገች። «ሆስፒታል እንሄዳለን። ደምሽን ይዩት።»

ሐሙስ ረፋድ ፀሐይነሽ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እያስተካከለች ነበር። ዶውሰን በር ላይ ቀረ። ሄራን የፕላስቲኩን ፎቶ ከፊቷ ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«ሰም ያለበት ነው» አለች። «አሻራ ይይዛል። የሕሩይ አይደለም፣ የሀብቶምም አይደለም። ላቦራቶሪው ውስጥ የሆስፒታል ፕላስተር አላገኙም ይሆናል።»

ፀሐይነሽ ፎቶውን አየች። «እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ልጄ። ስልኬን አይታችሁታል።»

«ስልክዎ እዚህ ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ። እኔም እኮ እዚህ ነው ያደግኩት፣ እትዬ። ዓይን ጨፍኖ ሦስት ሰዓት ሲጸለይ ማን እንደወጣ ማን ያያል? እስከ ላቦራቶሪው በመኪና ዐሥር ደቂቃ ነው።»

ፀሐይነሽ ወንበሩን አስተካክላ ተቀመጠችበት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች።

«በአምባቸው ለቅሶ ጠርሙሱን ራስጌው ላይ አይቶት ነው» አለች። «አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ዐርብ ማታ ደውሎ ነገ ነይ አለኝ። ሄድኩ። ወረቀቱን አሳየኝ። ‹ገድለሽዋል› አለኝ። እኔን! ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሰገራ ያጠብኩትን፣ ስንቱን ገንዤ የሸኘሁትን።»

«ከዚያስ?»

«እሑድ መድረክ ላይ እናገራለሁ አለ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። አንሥቶኝ፣ ‹እትዬ፣ ሰዎቹ ይወቁ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል› ብሎ ሳምፕሎቹን ሊያወጣ ቀዝቃዛው ክፍል ገባ።» ድምፅዋ እንደ ጥሩ ነርስ ድምፅ ረጋ ያለ ነበር። «የሲሊንደሩ መክፈቻ ሆስፒታል በየቀኑ የምከፍተው ዓይነት ነው። ዓይኔ እያየ እጄ ከፈተው። በሩን በትከሻዬ ያዝኩት። ሦስት ጊዜ አንኳኳ።»

ዶውሰን አማርኛ አይሰማም፤ ግን ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

«ከዚያ ዘጋሁት። በሩን ከፍቼ አየሩ እስኪገባ ቆየሁ። ተጠማዝዞ ነበር የወደቀው። እንዴት እንዲያ ጥዬው ልሂድ? ሰው እኮ ነው። አቃናሁት። ከደንኩለት። ጣቶቹን ካሰርኩ በኋላ ነው የት እንዳለሁ ትዝ ያለኝ። ቆረጥኩት፤ እንደወደቀ ልመልሰው ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለሬሳው አዘንሽ» አለች ሄራን። እርስዎ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። «በሕይወት ላሉትስ? ከቅዳሜ እስከ ዛሬ ስድስት ቀን ነው። መርዝ መሆኑን እያወቅሽ ስድስት ቀን ሙሉ ጠጡት፤ ጠዋት ማታ፣ አንቺ የጸለይሽበትን። እናቴም ጠጥታለች። አንድ ስልክ! ‹ተሳስቻለሁ፣ አትጠጡ›፣ በቃ፣ ይኸው ነው። ሰኞ እዚሁ አቀፍሽኝ። ሀብቶምን ሰጠሽኝ። ስለ ጠብታው ግን አንዲት ቃል አልተነፈስሽም!»

«ምን ይሉኛል?» አለች ፀሐይነሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተጨማደደ። «ምን ይሉኛል፣ ሄሩዬ?»

«ለማን ለማን ሰጠሽ?»

«የጸሎት ምስጢር ነው። በእግዚአብሔር ፊት ቃል...»

ሄራን ወንበሩን በእግሯ ገፋችው። ሲሚንቶው ላይ ተፋጭቶ ጮኸ።

«ስማቸውን!»

ፀሐይነሽ ቦርሳዋን ከፈተች። ቀይ ሽፋን ያላት ትንሽ ማስታወሻ ነበረች። የሕመም ዓይነት፣ ስም፣ ስልክ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ሰላሳ ሰባት ሰው። አንደኛው ስም፣ የአምባቸው፣ በቀጭን መስመር ተሰርዟል።

ዶውሰን ካቴናውን ሲያስገባላት ሁለቱን እጆቿን ራሷ አቀረበችለት።

ሄራን የማስታወሻዋን ገጾች ኮፒ አድርጋ ጣቢያው ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋቻቸው። ከሆስፒታሉ የእናቷ ዶክተር ቀድሞ ደውሎላት ነበር፤ ደሟና ሽንቷ ውስጥ አለ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ ከአሁን በኋላ ካልደገመችው ሰውነቷ ሊያወጣው ይችላል፣ ኩላሊቷን ግን እንከታተላለን። ሊያወጣው ይችላል። ሄራን ቃሉን ይዛ ስልኩን አነሣች።

አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንዳንዶቹ ሰደቧት። አንዲት ሴት ለሦስት ወር ሕፃን ልጄ ሰጥቼው ይሆን ብላ ራሷን ጠይቃ፣ አልሰጠሁም ብላ ራሷ መለሰችና፣ ስልኩን ይዛ ረጅም ጊዜ ተነፈሰች። ሁለቱ አልጋ ላይ ናቸው፤ አምቡላንስ ላከችላቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ዓይነት ነገር ተናገረች፤ አትጠጡት፣ አትድፉት፣ በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡት፣ ሰው ይመጣል፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ያቆማችሁትን መድኃኒት ሐኪሙን ጠይቁ። ድምፅዋ ከሰዓት በኋላ ሻከረ።

የቀሩት ኬኔሶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አራት ጊዜ ደውላ አላነሡም። በአምስተኛው አነሡ።

«ጋሽ ታደገ? ሄራን ነኝ፣ የአረጋሽ ልጅ።»

«ፖሊሷ? ሰምቻለሁ። ሁሉም ደውሎ ነገረኝ። ውሸት ነው።»

«ውሸት አይደለም። ጠርሙሱ እጅዎ ላይ ነው?»

«እኔን አድኖኛል። እግሬ ያብጥ ነበር። አሁን ደረጃ እወጣለሁ።»

«ጋሽ ታደገ፣ ጣትዎን ይደነዝዝዎታል?»

ቴሌቪዥን ከኋላቸው ይሰማል።

«ይደነዝዘኛል» አሉ። «በእርጅና ነው ብዬ።»

«ሆድዎንስ?»

«እሱም አለ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሷ ግን ጸልያበት ነበር እኮ። እጇን ጭና።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማንን ልመን ነው የምትይኝ?»

ሄራን መልስ ፈለገች። የተቆጣ መልስ ብዙ ነበራት፤ ለእኚህ ሰው የሚሆን አልነበረም።

«ዛሬ የእኔን ይያዙ» አለች። «ላስቲክ አለዎት?»

«የገበያ አለኝ።»

«ውስጡ ይክተቱት። ይቋጥሩት።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። መሳቢያ ተከፈተ። ላስቲክ ተንኮሻኮሸ፤ አሮጌ እጅ ስለሆነ ብዙ ቆየ። ሄራን ጠበቀች።

«ቋጠርኩት» አሉ።

«በር ላይ ያስቀምጡት። ሰው እየመጣ ነው። እርስዎን ደግሞ የሚወስድ መኪና አብሮ አለ።»

«እሺ፣ ልጄ።»

ሄራን በስማቸው አጠገብ ሰዓቱን ጻፈች። ወረቀቶቹን ደርባ ጠርዛቸውን አስተካከለች፣ በክሊፕ ያዘቻቸው፣ ማኅደሩን ዘጋችና ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋችው።